ፊቱን ሳላይ

የጁምዓ ሰላት አብቅቶ ሰው ወደየቤቱ ሲበተን፣ ሀዲያ የእንግዳ መቀበያውን ክፍል ጠርጋ፣ ምንጣፉን አራግፋ፣ የአባቷን መከዳ አስተካክላ ጨርሳ ነበር። ከመከዳው ፊት ለፊት ትንሽ ጠረጴዛ አስጠጋችና ላፕቶፑን አኖረችበት። ራቅ ብላ አየችው። ተመልሳ ወደ መስኮቱ ገፋ አደረገችው፤ ብርሃኑ ከጎን ቢመጣ የአባቷ ፊት ደህና ይታያል ብላ ነው። ወዲያው ደግሞ፣ መታየት ያለበት የአባቴ ፊት ነው ወይስ የሳቢር ስትል በራሷ ሳቀች። በዚያ ቀን የሳቀችው እሱን ብቻ ነው።

አባቷ ሸህ ሷሊህ የመካነ ሰላም ከተማ የምታከብራቸው የቁርኣን መምህር ናቸው። ከሩቅ አገር ሳይቀር ደረሶች፣ ተማሪዎቹ፣ ስንቃቸውን ይዘው መጥተው እሳቸው ዘንድ ቁርኣን ይቀራሉ። የተጣላ ይታረቅባቸዋል፤ ግራ የገባው ይጠይቃቸዋል። ሳቢር ደግሞ የአበጋዝ ልጅ ነው። አበጋዝ ከከተማው ዳር፣ ከገበያው በታች፣ ማረሻና ማጭድ እየቀጠቀጠ የሚኖር ሰው ነው። የአገሩ ገበሬ ሁሉ ማረሻውን ከአበጋዝ እጅ ይቀበላል፤ አበጋዝ ቤት ገብቶ ውሃ የሚጠጣ ግን ጥቂት ነው፤ ልጁን ለአበጋዝ ልጅ የሚድር ደግሞ እስከዚያ ዘመን ድረስ አልተገኘም።

ሀዲያና ሳቢር የተያዩት መሰናዶ ትምህርት ቤት፣ አንድ ክፍል ውስጥ ነው። እሷ ከፊት ትቀመጣለች፤ እሱ ከኋላ። አስተማሪው ጥያቄ ጠይቆ ክፍሉ ጭጭ ሲል፣ ሀዲያ ዞር ብላ ታየዋለች፤ መልሱን እያወቀ እጁን እንደማያወጣ ታውቃለች። ሁሌም ዓይኖቹን እሷን ሲጠብቁ ታገኛቸዋለች። ከዚህ ያለፈ ነገር ሳይናገሩ ትምህርቱ አለቀ። የተናገረው ኩዌት ሊሄድ ሻንጣውን አስሮ፣ የደሴው አውቶብስ ሞተሩን አስነስቶ እያለ ነው። «ትጠብቂኛለሽ ብዬ ለመጠየቅ መብት የለኝም» አላት። «እኔ ግን ሳትጠይቀኝ እጠብቅሃለሁ» አለችው። ከዚያ ወዲህ እሱ ኩዌት ውስጥ የሰው ቤት ማቀዝቀዣ ይጠግናል፤ እሷ እዚህ ሕፃናት ታስተምራለች፤ ዓመታት በስልክ ድምፅ ብቻ አለፉ።

ነገሩን ለአባቷ የነገሩት እናቷ እቴቴ ናቸው። ሸህ ሷሊህ ለብዙ ቀን ምግብ ቀንሰው፣ ቃል ቀንሰው ሰነበቱ። በመጨረሻ ሚስታቸው ቢወተውቷቸው እንዲህ አሉ፦

«በስልክ የሚመጣ ድምፅ ሰውን አያሳውቀኝም። ሰው የሚለውን የማምነው ዓይኑን እያየሁ ስሰማው ነው። ፊቱን ሳላይ ልጄን አልሰጥም።»

«ፊቱማ በኮምፒውተር ይታያል አሉ» አሉ እቴቴ ፈጠን ብለው። «ልጃችን አህመድ ሱቁ ያስገባው ዋይፋይ እስከ ቤት ይደርሳል።»

ሸህ ሷሊህ ጥቂት አሰቡ። «እንግዲያው ጁምዓ ከዐስር ሰላት እስከ መግሪብ እቀመጥለታለሁ። ግን ነገሩ ከዚህ ቤት ግድግዳ እንዳይወጣ። የወረኢሉ ሰዎች ‹ኑ› ካልኳቸው ቅዳሜ ጠዋት ለመልስ ይመጣሉ። ልጁን ካየሁ በኋላ የምመልሰውን አውቃለሁ።»

የወረኢሉ ሰዎች የሚባሉት ሀብታም የእህል ነጋዴ ቤተሰብ ናቸው። ሀዲያን ለልጃቸው ከጠየቁ ሰንብተዋል። ታላቅ ወንድሟ አህመድ እነሱን ይወዳቸዋል፤ ልጁም የሱ ወዳጅ ነው።

* * *

ሀዲያ ላፕቶፑን ከፈተችው። ኮሌጅ ስትገባ አህመድ ከደሴ የገዛላት፣ ያገለገለ ላፕቶፕ ነው። እያቃሰተ ተነሳ። ከስክሪኑ ታች፣ ከሰዓቱ አጠገብ ያለችውን ምልክት አየች። ሁልጊዜ ነጭ መስመሮች የሚታዩባት ምልክት ዛሬ ቀይ ኤክስ ተደርጎባታል።

ነካቻት። የአህመድ ሱቅ ስም የለም። ምንም ስም የለም።

አጥፍታ አበራችው። እንደገና ቀዩ ኤክስ። ባትሪውን ነቅላ መልሳ ሰካች። ቀዩ ኤክስ። ችግሩን ልፈልግልሽ የሚለውን ቁልፍ ተጫነችው፤ ሰማያዊው መስመር እየተንከባለለ እየተንከባለለ ብዙ አስጠበቃትና፣ በእንግሊዝኛ ስለ አንድ አዳፕተር ነገር ተናግሮ፣ ሊጠግነው እንዳልቻለ ነግሯት ተዘጋ። ላፕቶፑን አቅፋ ወደ ሱቁ ግድግዳ ተጠጋች። የቤታቸው የፊት ክፍል የአህመድ የጽሕፈት መሣሪያና የፎቶ ኮፒ ሱቅ ነው፤ ሞደሙ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ግድግዳው ላይ ጆሮዋን ልታሳርፍ ምንም አልቀራት። ቀዩ ኤክስ አልተነቃነቀም።

ሱቁ በብረት መዝጊያው ተቆልፏል። አህመድ ጠዋት አጅባር ለገበያ ሄዷል፤ ቁልፉም ከሱ ጋር ነው። በዚያ ሰሞን፣ 2009 ዓ.ም. እንደገባ፣ በሞባይል የሚሠራ ኢንተርኔት ከጠፋ ሰንብቶ ነበር። የሷም የእናቷም ስልክ ከመደወል በቀር የሚችለው የለም። ከጎረቤት ዘመናዊ ስልክ ብትለምንስ? «ለምንሽ ነው?» ይሏታል። አባቷ ደግሞ ከዚህ ግድግዳ እንዳይወጣ ብለዋል።

ያኔ ነው አንድ ሐሳብ እንደ ብርድ ውስጧ የገባው። አህመድ ዛሬ ምን እንደሚደረግ ያውቃል። ዛሬውኑ አጅባር መሄድ ለምን አስፈለገው?

ደወለችለት። ከጀርባው የከብት ግርግር ይሰማል።

«አህመድ፣ ዋይፋዩን አጥፍተኸው ነው የሄድከው?»

«ምን? አልሰማሽም!»

«ዋይፋዩን! አጥፍተህብኝ ነው ወይ የሄድከው?»

«ወላሂ አላጠፋሁም። አብርቼው ነው የወጣሁት። ምነው?»

«የለማ! አይታይም! ቀኑን ታውቃለህ፤ አባ የሚቀመጡበትን ሰዓት ታውቃለህ። ሳቢርን እንደማትወደው ታውቃለሁ። ግን እንደዚህ ታደርገኛለህ ብዬ አላስብም ነበር!»

ከብቱ ሲጮህ፣ ሰው ሲደራደር ብቻ ተሰማ። «ሀዲያ» አለ ቆይቶ፣ ድምፁ ተለውጦ፣ «አልወደውም፤ እውነት ነው። ግን እኔ ሌባ ነኝ? በጓሮ በር እሄዳለሁ? መኪና ካገኘሁ አሁኑኑ እመለሳለሁ።» ስልኩን ዘጋው።

አላመነችውም። አለማመኗ ራሱ አስለቀሳት።

* * *

ሸህ ሷሊህ ከዐስር ሰላት ሲመለሱ ለበዓል የሚለብሱትን ነጭ ጀለቢያ ለብሰው ነበር። አባቷ የቀጥቃጭ ልጅ ለማነጋገር የክት ልብሳቸውን ለብሰዋል።

መከዳው ላይ አረፍ አሉ፤ ሙስበሓ መቁጠሪያቸውን ከኪሳቸው አወጡ። ላፕቶፑን አዩት።

«ልጁ በዚህ ነው የሚመጣ?»

«አዎ አባ። ትንሽ... ትንሽ ይጠብቁኝ። ዋይፋዩ እምቢ ብሎኝ ነው።»

«አብሽሪ ልጄ፣ አትጨነቂ። የመጣሁት ልጠብቅ ነው።»

ቢቆጡ ይሻላት ነበር። አጠገባቸው ተንበርክካ ትነካካለች፤ ትዘጋለች፤ ትከፍታለች። እሳቸው የሙስበሓውን ፍሬ ቀስ እያሉ ያሳልፋሉ። አልፎ አልፎ ወደ ስክሪኑ ቀና ይላሉ፤ ስክሪኑ ላይ የሳቢር ፊት ሳይሆን የገዛ ፊታቸው ጥላ ይታያቸዋል። እቴቴ በበሩ መቃን ተደግፈው አንዴ ባላቸውን፣ አንዴ ልጃቸውን ያያሉ። «እንዲያው ቢስሚላህ ብለሽ ክፈቺው እስቲ» ይላሉ። ትከፍተዋለች። ምንም የለም።

ስልኳ ጠራ። የኩዌት ቁጥር ነው። ወደ ጓዳ ሮጠች።

«ሀዲ! የት ናችሁ?» አላት ሳቢር። «ከቀትር ጀምሮ ስክሪኑ ፊት ተተክያለሁ። አብረውኝ ያሉት ልጆች ክፍሉን ለቀውልኝ ወጥተዋል። ኮት ተውሼ ለብሻለሁ። ብታዪኝ ትስቂብኛለሽ።»

«ሳቢር፣ ዋይፋዩ አልሠራ አለኝ።»

«እንዴት?»

«እንጃ። ምንም አይታይም። አጠፋሁት፣ አበራሁት...»

«ሞደሙን አጥፍተሽ አብሪዋ።»

«ሱቁ ውስጥ ነው። ተቆልፏል።»

«ቁልፉስ?»

«አህመድ ይዞት አጅባር ሄዷል።»

ከባሕሩ ማዶ ወንበር ወደ ኋላ ሲገፋ ተሰማት።

«አህመድ ቆልፎት ሄደ» አለ ሳቢር ቀስ ብሎ። «በዛሬው ቀን። ገባኝ።»

«ምኑ ነው የገባህ?»

«አባትሽ ሊያዩኝ አይፈልጉም። አንቺም ይህን ልትነግሪኝ ከበደሽና ኮምፒውተር አልሠራ አለ አልሽኝ።»

«ወላሂ እንደሱ አይደለም! አባ እኮ ተቀምጠዋል፤ ነጭ ለብሰው ተቀምጠዋል፤ እየጠበቁህ ነው!»

«ታዲያ በስልኩ ያነጋግሩኝ። አቀብያቸው።»

ሀዲያ በበሩ ክፍተት አባቷን አየቻቸው። የተናገሩትን ታውቃለች፤ ሸህ ሷሊህ ያሉትን ሲያጥፉ አይታ አታውቅም። «ፊትህን ነው የሚፈልጉት» አለች፤ ስትናገረው ራሷ ሰበብ ሆኖ ተሰማት። «በስልክ... በስልክ አይሆንም ብለዋል።»

ሳቢር ሳቀ፤ ደስ የማይል ሳቅ። «ሀዲያ፣ የቀጥቃጭ ልጅ መሆኔን ለመስማት ኮምፒውተር አያስፈልገኝም። ከልጅነቴ ጀምሮ ያለ ኢንተርኔት ሰምቼዋለሁ። እውነቱን ብትነግሪኝ ይሻለኝ ነበር። ካንቺ አፍ ቢሆን እችለው ነበር።»

«ሳቢር፣ ስማኝ...»

ስልኩ ተዘጋ። መልሳ ልትደውል ሞከረች፤ ሒሳቧ ኩዌት አያደርስም። ስልኩን ደረቷ ላይ ይዛ ጓዳ ውስጥ ቆመች። ሁለት የምትወዳቸው ሰዎች በሁለት አገር ቁጭ ብለው ይጠባበቃሉ፤ መሐላቸው ያለችው እሷ ናት፤ እሷ ደግሞ ከዚህ ግዑዝ ዕቃ ጋር መነጋገር አቅቷታል። አፏን በነጠላዋ አፍና አለቀሰች፤ አባቷ እንዳይሰሙ።

* * *

ፀሐይ ወደ ዓባይ በረሃ አዘቀዘቀች። ጉሙ ከገደሉ እየተነሳ ከተማውን ማልበስ ሲጀምር የመግሪብ አዛን ተሰማ። ሸህ ሷሊህ ሙስበሓቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱና እጃቸውን መሬት ላይ ተደግፈው ተነሱ።

«አባ፣ ትንሽ ብቻ...» አለች ሀዲያ።

«ልጄ» አሏት። እጃቸውን ራሷ ላይ አሳረፉት፤ ይህን ካደረጉ ስንት ዘመናቸው። «ሌሊት ኢስቲኻራ ሰግጄ ነበር። ‹ያ ረብ፣ ለልጄ ኸይር ያለው ከሆነ አግራው፣ በሩን ክፈተው፤ ሸር ያለው ከሆነ በሩን ዝጋው› ብዬ ለመንኩ። እኔ በሐቅ መጥቼ ተቀምጫለሁ። አንቺም የቻልሽውን አድርገሻል። በሩ አልተከፈተም። ለምኖ መልሱን አለመቀበል ነውር ነው።»

ሀዲያ አፏን ከፈተች። ዕቃ ነው፣ ሽቦ ነው፣ የአህመድ ተንኮል ነው ልትል ነበር። ግን ከሰው ጋር ይከራከሩ ይሆናል እንጂ ከዱዓ ጋር እንዴት ይከራከራሉ? አባቷ ጫማቸውን አጥልቀው ሲወጡ፣ ጀርባቸውን እያየች ቀረች። ያ ጀርባ የተቆጣ ሰው ጀርባ አልነበረም። ያዘነ ሰው ጀርባ ነበር። ይህ ነው የበለጠ አንጀቷን የቆረጠው።

* * *

አህመድ የደረሰው ሰው ከመግሪብ ሰላት ሲወጣ ነው። አቧራ ለብሶ፣ ፊቱ ጠቁሮ ገባ። እህቱን አላያትም። ቀጥ ብሎ ሱቁን ከፈተ።

«ነይ እዪው።»

ሞደሙ መደርደሪያው ላይ ነው። አረንጓዴ መብራቶቹ በሙሉ በርተዋል፤ ቀኑን ሙሉ እንደበሩ ናቸው። አህመድ ስልኩን ከኪሱ አወጣ፤ ወዲያውኑ ያዘለት። ያልገቡት መልእክቶች ሁሉ ግርር ብለው ገቡ።

«አጠፋኸው አልሽኝ» አለ።

ሀዲያ መሬት ብትዋጣት ወደደች። «አህመድ፣ ይቅር በለኝ።» ከዚያ ድንገት ተስፋ ብልጭ አለላት። «እንግዲያው በስልክህ! አባ ከመስጊድ ሲመጡ በስልክህ...»

አህመድ ራሱን ነቀነቀ። አሁን የሱም ዓይን መሬት መሬት ያይ ጀመር። «መስጊድ በር ላይ አገኘኋቸው። ‹ለወረኢሉ ሰዎች ደውልና ይምጡ በላቸው› አሉኝ። ደወልኩ፣ ሀዲያ። እልል እያሉ ነው ስልኩን የዘጉት።»

ይምጡ ማለት ምን እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። የሸህ ሷሊህ «ይምጡ» ለወረኢሉ ሽማግሌዎች ፊርማ ማለት ነው።

ወደ ቤት ተመለሱ። ሀዲያ መከዳው ላይ፣ አባቷ በተቀመጡበት ቦታ፣ ዘፍ አለች። አህመድ የሚያደርገው ቢጠፋው ላፕቶፑን አንስቶ ያገላብጠው ጀመር።

«እንዲያው ምን ነክቶት ይሆን?» አሉ እቴቴ አጠገባቸው ቁጭ ብለው። «እኔ እንኳ ትናንት በእርጥብ ጨርቅ ጥርግ አድርጌው ነበር። ጎን ጎኑን ሳይቀር። የሰው ልጅ ሲያየን አቧራችንን እንዳያይብን ብዬ።»

የአህመድ እጅ ቆመ። በላፕቶፑ የፊት ጠርዝ፣ መዳፍ ከሚያርፍበት ሥር፣ የጥፍር ስፋት ያላት ተንሸራታች ማብሪያ አለች። ሀዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ስትገለገልበት አይታት አታውቅም። አጠገቧ ትንሽ ብርቱካናማ መብራት ታበራለች። አህመድ በአውራ ጣቱ ወደ ቀኝ ገፋት። መብራቷ ሰማያዊ ሆነች። ስክሪኑ ላይ ቀዩ ኤክስ ጠፋ፤ የሱቁ ስም ብቅ አለ።

ይኸው ነው። ሌላ ምንም አልነበረም።

ወንድምና እህት ተያዩ። ከዚያ ሁለቱም እናታቸውን አዩ። እቴቴ የሁለቱን ፊት አፈራርቀው እያዩ፣ «ምን ሆነ? ምን አገኛችሁ?» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ፍርሃት ነበረ። በዚህ ቤት ውስጥ ለሳቢር የቆሙ እሳቸው ብቻ ናቸው።

ሀዲያ ለመናገር ሞከረች፤ አቃታት።

«እኔ ነኝ» አለ አህመድ። «ትናንት ማታ ስነካካው ሳላጠፋው አልቀረሁም። ይቅር በሉኝ።»

ሀዲያ የወንድሟን እጅ ፈልጋ ያዘች። በዚያች ቅጽበት ከሳቢር በፊት፣ ከወረኢሉ በፊት፣ ከሁሉ በፊት ወንድሟን ወደደችው።

* * *

ሳቢር አልሄደም ነበር። ስክሪኑ ላይ በስሙ አጠገብ አረንጓዴዋ ነጥብ በርታለች። ሀዲያ ሻሿን አስተካከለች፤ እናቷ ከጎኗ፣ ወንድሟ ከኋላዋ እንዳሉ ደወለች።

ፊቱ መጣ። ጠቁሯል። ከስቷል። የተዋሰው ኮት ትከሻው ላይ ሰፍቶታል፤ እስከ አሁን አላወለቀውም። ዓይኖቹ ግን እነዚያው ናቸው፤ ከክፍሉ ኋላ ሆነው ሲጠብቋት የነበሩት።

«እውነትሽን ነበር» አላት።

«እውነቴን ነበር።»

«የተናገርኩት...»

«ተወው። ሳቢር፣ አባ ለወረኢሉ ሰዎች ኑ ብለዋል።»

ሳቢር ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ሀዲያ እጇን ወደ ስክሪኑ ዘረጋች፤ መስተዋቱን ነካችና መለሰች። ይህን ያህል ዘመን ፊቱን ለማየት ለምናለች፤ አሁን ስታየው ሊደረግ የሚችል ነገር አልነበረም። እሱ በዚያ ያለቅሳል፤ እሷ በዚህ ታለቅሳለች፤ እንባ የሚጠርግ እጅ የላቸውም።

ሸህ ሷሊህ ከዒሻእ ሰላት ተመልሰው በሩ ላይ መቆማቸውን መጀመሪያ ያየው ሳቢር ነው። ከእነ ኮቱ ብድግ ሲል ፊቱ ከስክሪኑ ወጣና የኮቱ ቁልፍ ብቻ ቀረ። መልሶ ጎንበስ አለ።

«አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።»

«ወዐለይኩሙ ሰላም» አሉ ሸህ ሷሊህ። ወደ ውስጥ ገቡ። ቆመው የሳቢርን ፊት አዩት፤ የሚነበብ ነገር እንዳለው ሁሉ ከግንባሩ እስከ አገጩ ቀስ ብለው አዩት። እንባውን አልደበቀም።

«ቁጭ በል ልጄ» አሉት። «ከዐስር ጀምሮ ስጠብቅህ ነበር።»

«እኔም እጠብቅዎት ነበር አባቴ።»

«ታዲያ ምን ሆነ?»

«ማብሪያው ጠፍቶ ነው አባ» አለ አህመድ። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ዛሬ ስነካካ።»

«አንተ ዛሬ አጅባር አልነበርክም?»

አህመድ ለእናቱ ትናንት ማታ ማለቱ ትዝ ብሎት አቀረቀረ። ሸህ ሷሊህ ልጃቸውን አዩ፤ ሴት ልጃቸውን አዩ፤ ከሁለቱ መሐል የተቀመጡትን፣ ምንም ያልገባቸውን ሚስታቸውን አዩ። አንድ ነገር ገባቸው። አልጠየቁም።

«ፊትህ ደግ ፊት ነው» አሉት ለሳቢር። «ቀን ላይ ባየው ኖሮ... ዘገየህብኝ ልጄ። ቃሌን ሰጥቻለሁ።»

«ገባኝ» አለ ሳቢር። «ቃልዎን ያጥፉልኝ አልልም። በእኔ ምክንያት ስምዎ እንዲነሳ አልፈልግም። ስላዩኝ አላህ ይስጥልኝ።»

ሀዲያ ይህን ስትሰማ ቀና ብላ ሁሉንም በየተራ አየቻቸው። ሁሉም ደግ ነው። አባቷ ደግ ናቸው፤ ሳቢር ደግ ነው፤ አህመድ ደግ ነው፤ እናቷ ደግ ናቸው። ደግነታቸው ተደማምሮ ነገ እሷን ወረኢሉ ሊወስዳት ነው።

«አባ» አለች። ድምጿ ለራሷ እንግዳ ሆነባት። «ኒካሕ ከመታሰሩ በፊት ልጅቱ ትጠየቃለች አይደል?»

«ትጠየቃለች።»

«ካፈረች፣ ዝም ካለች፣ ዝምታዋ ፈቃዷ ነው ብለው ለደረሶች ሲያስቀሩ ጓዳ ሆኜ እሰማ ነበር።»

«አዎ። እንዲያ ነው።»

«እኔ ዝም አልልም አባ። ነገ ሲጠይቁኝ እናገራለሁ። እንቢ እላለሁ።»

እቴቴ አፋቸውን ያዙ። ሳቢር ስክሪኑ ውስጥ ደርቆ የቀረ ይመስል ነበር። ሀዲያ ራሷን ደፍታ ቁጣውን ጠበቀች። በዕድሜዋ አባቷን ስትቃወም ይህ የመጀመሪያዋ ነው፤ የተቃወመቻቸው ደግሞ በራሳቸው ትምህርት ነው።

ቁጣው አልመጣም። ሸህ ሷሊህ ቀስ ብለው፣ እንደ ደከመ ሰው፣ መከዳው ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ወደ ስክሪኑ ዘወር አሉ።

«አበጋዝ እንዴት ነው?» አሉ። «ዓይኑን አሞታል ሲሉ ሰምቻለሁ።»

ሳቢር ሊመልስ ፈለገ። አባቱን በስሙ ጠርቶ ደህና ነው ወይ ያለ ትልቅ ሰው ሰምቶ አያውቅም። ራሱን ብቻ በአዎንታ ነቀነቀ፤ ደጋግሞ ነቀነቀ።

ሸህ ሷሊህ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «የወረኢሉ ሰዎች ነገ በጠዋት ይደርሳሉ» አሏት። «ሽማግሌዎች ናቸው፤ ምንም አልበደሉኝም። እኔ ነኝ ኑ ያልኳቸው። በሩ ላይ ቆሜ ምን ብዬ ነው የምቀበላቸው? እስቲ ንገሪኝ ልጄ።»

አገር ሁሉ ግራ ሲገባው የሚጠይቃቸው ሰው እሷን ይጠይቋታል፤ የምራቸውን ነው። ሀዲያ አጠገባቸው ተጠግታ ተቀመጠች፤ የነጩን ጀለቢያ ጫፍ በጣቶቿ ያዘች። እሷ ብቻ አይደለችም አቅም ያጣችው፤ አባቷም አጥተዋል፤ በዚያች ክፍል የሚያደርገውን የሚያውቅ አንድም ሰው የለም። ይህን ስታውቅ ፈራች፤ ከፍርሃቱ ጋር ግን ቀኑን ሙሉ ብቻዋን የተሸከመችው ቀለላት፤ እንደ ሕፃንነቷም ትከሻቸው ላይ ራሷን ጥላ አለቀሰች።